ሲኞራ የሰጡኝን ሉዊ ቪቶን ቦርሳ ሮም ላይ እንዴት እንደሸጥኩ

ይህን የምጽፈው ጣሊያን ውስጥ በባዳንቴነት፣ ማለትም ሰው ቤት እያደሩ አረጋውያንን በመንከባከብ፣ ለሚሠሩ እህቶቼ ነው። ቤሩት፣ ዱባይ ወይም ኩዌት ያላችሁትንም ይመለከታችኋል። አሠሪ አንድ ቀን ቁም ሳጥን ሲያራግፍ ውድ ነገር አንስቶ ይሰጣል። ቦርሳ ሊሆን ይችላል፣ ሰዓት ወይም ካፖርትም ሊሆን ይችላል። ተቀብለን፣ አመስግነን ክፍላችን እንገባለን። ወረቀት ያዢ የሚለን የለም። ለኔም የነገረኝ አልነበረም።

የምንከባከባቸው አሠሪዬ ሲኞራ የሚኖሩት ፓሪዮሊ ነበር፣ የሮም ሀብታሞች ሰፈር። ዓመታት አብሬያቸው ኖሬያለሁ። እንደ አብዛኞቻችን የምወጣው ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው። እርጅናው ሲበረታባቸው ቱሪን ልጃቸው ጋ ሊሄዱ ተወሰነ። ዕቃ ስንለይ ከላይኛው መደርደሪያ ቦርሳዋን አወረዱና "ይቺ ያንቺ ናት" አሉኝ። ሉዊ ቪቶን የሚባለው የፈረንሳይ ውድ ቦርሳ ሠሪ ኩባንያ ስፒዲ 30 የሚላት ሞዴል ናት። ቡናማ ሆና በፊደልና በአበባ የተሞላች፣ እጀታዋ ከዕድሜ ብዛት ማር የመሰለ።

ያቺን ቦርሳ ከዚያ በፊትም አውቃታለሁ። ሐኪም ቤት፣ ባንክ፣ ፀጉር ቤት ስንሄድ ብዙ ጊዜ የምይዝላቸው እኔ ነበርኩ። ያን ጊዜ ኦርጅናል ናት ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። ባለቤቷ አጠገቤ ናቸዋ።

የኔ ከሆነች በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ቤተ ክርስቲያን ይዣት ስሄድ አንዷ ጓደኛዬ ገልበጥ አድርጋ አየቻትና "ፎርጅድ ናት፣ ከጀርባዋ ፊደሉ ተዘቅዝቋል" አለችኝ። ተዘቅዝቋል፣ እውነት ነው። መዘቅዘቅም አለበት። ይህች ሞዴል የምትሠራው ከሥሯ ስፌት ከሌለው ወጥ ሸራ ነው። ሸራው ከፊት ወርዶ፣ በሥር ዞሮ በጀርባ ሲወጣ ፊደሉ ይገለበጣል። እንዲያውም ቆዳ የሚመስለው አካሏ ቆዳ አይደለም፤ የተቀባ የጥጥ ሸራ ነው። ይህን ሁሉ አስረዳኋት። "እሺ" አለችኝ፣ ግን አላመነችኝም።

አዲስ አበባ ለወንድሜ ሠርግ ይዣት ስገባ ደግሞ የተገላቢጦሽ ሆነ። አክስቶቼ አንድ ጊዜ ዳሰስ አደረጓትና "ኦርጅናል!" ብለው ፈረዱ። ከጣሊያን መጥታለች፣ አለቀ። ከመንገድ ዳር በ30 ዩሮ የተገዛች ብትሆንም ፍርዱ ያው ነበር።

በሁለቱም ቦታ ስፌቱን ያየ ሰው አልነበረም። የታየችው የያዘቻት ሴት ናት። ይህን እዚሁ ብረዳው ኖሮ በኋላ የገጠመኝ ባላስደነገጠኝ ነበር።

ለምን ልሸጣት ፈለግሁ? ኦኤስኤስ ለመማር ነው። በሆስፒታልና በአረጋውያን ተቋም የሚያሠራው የምስክር ወረቀት ማለት ነው፤ ኮርሱ ቢያንስ 1,000 ሰዓት ይወስዳል። ሰው ቤት እያደሩ መሥራት እንዲበቃኝ ፈልጌ ነበር። የኮርሱ ክፍያ የመጀመሪያ ዙር ደርሶብኛል። ቦርሳዋ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጣለች። ተቀምጣ ከምታረጅ ታስተምረኝ አልኩ።

ዝግጅቱ ቀላል ነው። ውስጧን አራገፍኩ፣ በደረቅ ጨርቅ ጠረግኳት፣ በቀን ብርሃን ፎቶ አነሳኋት። ከዚያ ቁጥሯን ፈለግሁ፤ ከውስጥ ኪሷ አካባቢ ትንሽ ምላስ ላይ ታትሟል። ሁለት ፊደልና አራት አሃዝ ነው። የኔ 0967 ይላል። በዚያ ዘመን አንደኛውና ሦስተኛው አሃዝ ወሩን፣ ሁለተኛውና አራተኛው ዓመቱን ይናገራሉ። ስለዚህ የተሠራችው በፈረንጆቹ ስድስተኛ ወር፣ በጁን 1997 እ.ኤ.አ. ነው ማለት ነው። ከ2007 ወዲህ በወሩ ፋንታ ሳምንቱ ገባ፤ ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ቁጥሩ ቀርቶ ቺፕ ይደረጋል። ቁጥሩ ብቻውን ማስረጃ እንዳይመስላችሁ፤ አስመሳዮችም ያትሙታል። ኩባንያው ራሱ ደግሞ "ይህ የኛ ነው" የሚል ወረቀት ጽፎ አይሰጥም።

አሁን ወደ ሱቁ ልምጣ።

መሃል ከተማ፣ ከፒያሳ ዲ ስፓኛ ብዙ የማይርቅ፣ ያገለገሉ ውድ ዕቃዎችን የሚገዛና የሚሸጥ ሱቅ ነው። ስሙን አልጠራም። መስኮቱ ላይ በትልቁ "ወዲያው እንገዛለን፤ ሳጥንና ደረሰኝ ግዴታ አይደለም" የሚል ተጽፏል። የገባሁትም ያንን አንብቤ ነው።

ከፊቴ አንዲት ጣሊያናዊት ሴት ነበረች፣ ዕድሜዋ ስድሳን ያለፈ። ከጨርቅ ከረጢት ሁለት ቦርሳ አወጣች። ሳጥን የለም፣ ደረሰኝ የለም። ሻጩ ወንበር ሳበላት፣ ቡና አቀረበላት። ሁለት ሦስት ደቂቃ አገላብጦ አይቶ ዋጋ ነገራት። መታወቂያዋን መዘገበ። ይህ ትክክል ነው፤ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ነጋዴ የሻጩን ማንነት መመዝገብ አለበት። ተፈራረሙና ወጣች። ከየት አመጣሽው የሚል ጥያቄ አልሰማሁም።

ተራዬ ደረሰ። እሷን አንቱ ሲላት የነበረው ሰውዬ እኔን ገና ሰላም ሳይለኝ አንቺ አለኝ።

"የማን ናት?"

"የኔ።"

"ከየት አመጣሻት?"

"አሠሪዬ ሰጡኝ።"

"ደረሰኝ አለሽ?"

ወደ መስኮቱ አሳየሁት። "እሱ እንደ ሁኔታው ነው" አለኝ። የምን ሁኔታ ብዬ ብጠይቀው አልመለሰም። ቦርሳዋንም ሶጆርኖዬንም (የመኖሪያ ፈቃዴን) አንድ ላይ ይዞ ወደ ጓዳ ገባ። ሌላው ሠራተኛ ከጠረጴዛው ተነስቶ በሩ አጠገብ ቆመ። ያቺ ሴት እያለች በሩ ጠባቂ አልነበረውም። ወንበር አልተሰጠኝም። ቆሜ ጠበቅሁ። ሌሎች ደንበኞች ገቡ፣ ተስተናገዱ፣ ወጡ። እኔ ወረቀቴ ጓዳ ውስጥ ስለሆነ መሄድም አልችልም።

ሲመለስ ያለኝ ነገር እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። "ቦርሳዋ ኦርጅናል ናት። ችግሩም እሱ ነው።"

አስቡት። ፎርጅድ ብትሆን ኖሮ አሳፍሮ ያስወጣኝ ነበር። በጣሊያን ሕግ ፎርጅድ የገዛ ሰው ራሱ እስከ 7,000 ዩሮ ይቀጣል፤ ስለዚህ እሱም ክስ ሊሆንብኝ ይችል ነበር። ኦርጅናል ስትሆን ደግሞ ሌባ ሆንኩ። በኔ እጅ እስካለች ድረስ ሦስተኛ መንገድ አልነበረም። የኩባንያው መሥራች የሉዊ ልጅ ጆርጅ ቪቶን ያንን የፊደልና የአበባ ንድፍ በ1896 ያወጣው የአባቱን ሻንጣ አስመስለው የሚሠሩትን ለመከላከል ነበር። እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለመለየት የተሳለ ምልክት፣ እኔ ጋ ሲደርስ እውነተኛ መሆኑ ተረጋግጦም አላዳነኝም።

የሲኞራን ስልክ ጠየቀኝ። ሰጠሁት፤ የምደብቀው የለኝማ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ደወለ። "ሲኞራ፣ ቦርሳ ጠፍቶብዎታል?" ብሎ ጀመረ። እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል? ሰማንያ ያለፉ ሴት ናቸው። ደነገጡ። "የትኛው ቦርሳ? እኔ አላውቅም፣ ልጄን ጠይቋት" አሉ። ልጃቸው ሥራ ላይ ስለነበረች አላነሳችም። ሰውዬው ስልኩን ዘግቶ ነገሩ የተረጋገጠ ይመስል አየኝ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ያለ ደረሰኝ አደጋውን የምወስደው እኔ ነኝ። 120 ዩሮ ልስጥሽ።"

በጣም የሚያናድደኝ ይህ ነው። የተሰረቀ የሚያስመስል ዕቃ ሳያጣሩ መግዛት በጣሊያን ሕግ ያስቀጣል። ሰውዬው ነጋዴ ነው፣ ይህን ከኔ በላይ ያውቃል። በእውነት ሌባ ናት ብሎ ቢያምን በ120 ዩሮም ባልነካት ነበር። ስለዚህ አላመነም። ሌባ መሆኔን ሳይሆን፣ ሌባ መባልን መፍራቴን ነበር የቆጠረው። አብዛኞቻችን ደግሞ እንፈራለን። ሶጆርኖ የሚታደስበት ጊዜ አለ፣ ፖሊስ ጣቢያ መግባት አንፈልግም፣ አሠሪ ዘንድ ስማችን እንዲነሳ አንፈልግም። በዚህ ፍርሃት ስንቷ እህት 120 ዩሮዋን ተቀብላ እንደወጣች እግዚአብሔር ይወቀው።

እኔ አልተቀበልኩም። "ከተጠራጠርክ ፖሊስ ጥራ፤ ለነሱ አስረዳለሁ። ካልጠራህ ቦርሳዬንና ወረቀቴን ስጠኝ" አልኩት። አልጮህኩም። ያልተሰጠኝን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ፖሊስ አልጠራም። ሌላ ደንበኛ እስኪገባ አቆየኝና ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። ይቅርታ የለም። ስወጣ በሩ ላይ የቆመው ልጅ ዓይኔን አላየኝም።

ማታ የሲኞራ ልጅ ደወለችልኝ። ደግ ሰው ናት፣ እናቷን ስላስደነገጡባት ተቆጥታ ነበር። ግን የመጀመሪያ ጥያቄዋ "የትኛዋን ቦርሳ ነበር የሰጠችሽ?" የሚል ሆነ። እነሱ ቤት የማትታወስ ዕቃ ናት። እኔ ደግሞ ለሷ ስል በር ላይ ሰው ቆሞብኛል።

የስጦታ ወረቀት እንዲጽፉልኝ ለመንኳት። እሷ ኖተር (ውል አረጋጋጭ) ጋ መሄድ ያስፈልግ ይሆን ብላ ሰጋች። አያስፈልግም። የጣሊያን ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 783 ዋጋው መጠነኛ የሆነ ተንቀሳቃሽ ስጦታ ዕቃው በእጅ ከተሰጠ ያለ ኖተር ይጸናል ይላል። መጠነኛ መሆኑ ደግሞ በሰጪው የኑሮ ደረጃ ጭምር ይመዘናል። ለኔ ብዙ የሆነው ለሲኞራ በሕግ ፊት ትንሽ ስጦታ ነው ማለት ነው። የሀብት ልዩነታችን ለኔ የሠራልኝ እዚህ አንቀጽ ላይ ብቻ ነው።

ደብዳቤው ግማሽ ገጽ አይሞላም። የሰጪዋ ሙሉ ስምና የትውልድ ቀን፣ የኔ ሙሉ ስም፣ የቦርሳዋ ሞዴል፣ ቀለምና ቁጥር፣ የተሰጠችበት ወር፣ "በነፃ ፈቃዴ በስጦታ ሰጥቻታለሁ" የሚል ዓረፍተ ነገር፣ ፊርማ። የሲኞራ መታወቂያ ቅጂም ተያይዟል። ፊርማቸው ይንቀጠቀጣል፤ ግን የሳቸው ነው።

ሁለተኛው ሱቅ ከመሃል ከተማ ወጣ ያለ ነው። ባለቤቷ ሴት ናት። ዚፑን፣ ማዕዘኖቹን፣ የእጀታውን ስፌት አየች። ደብዳቤውን አወጣሁላት፤ ግማሹን እንኳ አላነበበችውም። ወዲያው ከከፈለች 430፣ ኮንቶ ቬንዲታ ትቼላት ስትሸጥ ከሆነ 560 ዩሮ አለችኝ። ኮንቶ ቬንዲታ ማለት ዕቃው እስኪሸጥ ሱቁ ይይዘዋል፣ ከተሸጠ በኋላ ድርሻውን ወስዶ ይከፍላችኋል። 430ውን ወሰድኩ። ቀጥታ ሄጄ የኮርሱን የመጀመሪያ ዙር ከፈልኩ። ኮርቻለሁ፣ አልዋሽም።

ሌላው ቢቀር እነዚህን ያዙልኝ። ኢንተርኔት ላይ የእጀታውን ቆዳ በቅባት አጽዱት ይላሉ። አትንኩት፤ ያልታከመ ቆዳ ስለሆነ ውሃም ቅባትም እድፍ ይጥልበታል። እድሜ ያመጣው ቀለም ዋጋ አይቀንስም፣ እድፍ ግን ይቀንሳል። ደረሰኝ አያስፈልግም የሚለውን ማስታወቂያ ለነሱ ተዉላቸው፤ ለኛ ያስፈልገናል። ቦርሳና ሶጆርኖ በአንድ ጊዜ ከእጃችሁ አይውጣ። ወደ ጓዳ ልውሰዳት ካሉ "እኔም ልግባ" በሉ።

ጣሊያናዊ ጓደኛ ይዘሽ ሂጂ የሚሉ አሉ። እኔ አልመክርም። ሱቁ የሚያምነው ጓደኛችሁን ነው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ብቻችሁን ስትሄዱ እዚያው ናችሁ። ዘንጠሽ ሂጂ የሚሉም አሉ። ሁለቱም ሱቅ የሄድኩት በአንድ ካፖርት ነው፤ ለውጥ ያመጡት የሱቁ ሰውና ወረቀቱ ናቸው። በደመወዛችሁ አዲስ መግዛት ለምትፈልጉ ደግሞ አትግዙ እላለሁ። አገር ቤት ያሉት ፎርጅዱንም ያምኗችኋል፣ እዚህ ያሉት ኦርጅናሉንም አያምኗችሁም።

አሠሪ ስጦታ ሲሰጣችሁ ደብዳቤውን በዚያው ሳምንት ጠይቁ። ማፈር አያስፈልግም፤ "ፖሊስ ቢጠይቀኝ" ካላችሁ ማንም ይረዳችኋል። መጻፍ የማይችሉ ከሆነ ቦርሳውን ይዘው ከናንተ ጋር ፎቶ ተነሱ፣ ልጆቻቸው ባሉበት የስልክ ቡድን ላይ "ስለ ስጦታዎ አመሰግናለሁ" ብላችሁ ላኩት። ልጆቹ መልስ ከሰጡ መልሱን አስቀምጡት። ሰጪው ካለፈና ወረቀት ከሌላችሁ ግን ከወራሾቹ ጋር ሳትነጋገሩ ወደ ሱቅ አትሂዱ። እነሱ ከሞት በኋላ ዕቃ ይቆጥራሉ፣ ሱቁም መጀመሪያ የሚደውለው ለነሱ ነው።