ካርቡሬተር ቤት ውስጥ ከታጠበ በኋላ ሚኒሞ አልቀመጥ ሲል

የቫልቭ ክፍተት ማስተካከል፣ ካንዴላ መቀየር፣ ካርቡሬተር ፈታቶ ማጠብ፦ እነዚህን ሦስቱን አሁን ደሴ ላይ ደጃፌ ቁጭ ብዬ እሠራቸዋለሁ፤ ደስም ብሎኛል። የምጽፈው ስለ ሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ መስጫው ሳይነካ ሞተሩ በዝግታ ስለሚሠራበት ዙር ነው፤ ሞተር ሳይክሉ በአየር የሚቀዘቅዝ ባለ አንድ ፒስተን 125 ሲሲ ነው፤ 150ውም ቢሆን ነገሩ ያው ነው።

ከቤት ሰርቪስ በኋላ ሞተር ሲያስቸግር መጀመሪያ የሚጠረጠረው እጅ የነካው ቦታ ነው። ትናንት ደህና የነበረ ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚልከው ዕቃ) ካርቡሬተር ስለታጠበ ብቻ አይበላሽም። ዕቃ ለመግዛት አትሩጡ።

ካንዴላው ቀላል ነው። ክፍተቱ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር፤ መጀመሪያ በጣት እስከ መጨረሻው ይጠምዘዝ፣ አዲስ ከሆነ በቁልፍ ግማሽ ዙር ይጨመርበት፣ በቃ። ቫልቭ የሚለካው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ለዚህ የደሴን ጠዋት የሚያህል የለም። በሞተሩ ጎን በሚዞረው ማግኔት ላይ ያለው የ‹ቲ› ምልክት አጠገቡ ካለው መስመር ሲገጥም፣ ማለትም ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ፣ ሁለቱም የቫልቭ መቺዎች በጣት መነቃነቅ አለባቸው። አንዱ ከጠበቀ ፒስተኑ ላይ የወጣው በሌላኛው ዙር ነውና ሞተሩን አንድ ሙሉ ዙር አዙሩት። ሆንዳ ሲጂ 125 ላይ ክፍተቱ ለሁለቱም 0.08 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሌላውን ከመመሪያ መጽሐፉ እዩ። ትንሽ ቢንኳኳ ይሻላል እንጂ አይጥበቅ፤ የጠበቀ የጭስ ቫልቭ ሞተሩ ሲግል በደንብ ስለማይዘጋ ግፊት ያጎድላል፤ ጠዋት ይነሳል፣ ከሰዓት እምቢ ይላል።

አስቸጋሪው ሚኒሞ ነው። በቾክ (ለማስነሳት አየር በሚቀንሰው) ይነሳል፣ ቾኩ ሲመለስ ይጠፋል። ወይ ደግሞ ይጮህና ነዳጅ መስጫው ተለቅቆም ቶሎ አይወርድም። ብዙ ሰው ወዲያው ካቻቢቴ አንስቶ የሚኒሞ ብሎኑን ማሽከርከር ይጀምራል፤ ይህ በሽታውን ይሸፍናል እንጂ አያድንም።

ከመንካት በፊት መሪውን ግራና ቀኝ አዙሩት። ድምፁ ከፍና ዝቅ ካለ የነዳጅ መስጫው ገመድ ተወጥሯል፤ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ላላ አድርጉት። ቀጥሎ በካርቡሬተሩ ውስጥ የሚወጣና የሚወርደው ፒስተን የተቆረጠ ጎኑ ወደ አየር ፊልትሮ መዞሩን አረጋግጡ፤ ተገልብጦ ከገባ ሞተሩ ገና ሲነሳ ያጓራል።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ ጥርጣሬው የሚያርፈው በካርቡሬተሩና በሞተሩ ራስ መካከል ነው። እዚያ ጓርኒሲዮን (የመገጣጠሚያ ስስ መድፈኛ)፣ ሙቀት የማያሳልፍ ጥቁር ማራራቂያና ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) አሉ። ኦሪንጉ ቤንዚን ጠጥቶ ካበጠ ወይም በሙቀት ደርቆ ጠፍጣፋ ከሆነ ያልተለካ አየር ይገባል፤ ነዳጁ ይሳሳል (ከአየሩ አንጻር ያንሳል)፣ ሚኒሞ ይረበሻል። መፈተሻው የሳሙና ውሃና መርጫ ጠርሙስ ነው፦ ሞተሩ ሞቆ እየሠራ መገጣጠሚያው ላይ በትንሹ እርጩ፤ ድምፁ በዚያው ቅጽበት ከተለወጠ ቀዳዳው እዚያ ነው። ቤንዚን በመርፌ የሚረጩ አሉ፤ የጋለ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) አጠገብ ይህን ፈጽሞ አልደግፍም።

ኦሪንግ ተቀይሮም ካልተሻለው የካርቡሬተሩን አንገት ፊት መርምሩ። አንዱን ብሎን እስከ መጨረሻ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ለስላሳውን አሉሚኒየም ያጎብጠዋል። ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት መስታወት ላይ አንጥፉና ፊቱን በቀስታ አሹት፤ ብሎን የሚገባበት ጆሮ ብቻ አብረቅርቆ መሃሉ ደብዛዛ ከቀረ ጎብጧል። እኩል እስኪያበራ አሹት፣ በቤንዚን እጠቡት፣ ብሎኖቹን እያፈራረቃችሁ ሩብ ሩብ ዙር አጥብቁ። ሲሊኮን መለጠፍ መፍትሔ አይደለም፤ ቤንዚን ያላላውና ቁርጥራጩ ወደ ሞተሩ ይሳባል።

አየር የማይገባ ከሆነ የቀረው የሚኒሞ ጄት፣ ማለትም በሚኒሞ ጊዜ ነዳጅ የምታሳልፈው ትንሿ ዕቃ ነው። ቀዳዳዋ ከመርፌ ጫፍ ትቀጥናለች፤ ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ስታዩባት ክብ ነጥብ መታየት አለበት። ሽቦ አትክተቱ፤ ናስ ስለሆነች ትፋፋለች፣ ከዚያ ወዲያ ነዳጁ ልክ አይኖረውም። በቤንዚን ዘፍዝፎ ጎሚስታ ቤት በአየር ማስነፋት ይበቃል።

የድብልቁን ብሎን (የነዳጅና የአየሩን መጠን የሚያስተካክለውን) እስኪነካ በቀስታ ዝጉና አንድ ተኩል ዙር ክፈቱ፤ ሞተሩ ሲሞቅ ድምፁ ከፍ ብሎ የሚረጋበትን ፈልጉ። ብሎኑ በአየር ፊልትሮ በኩል ከሆነ ሲዘጋ ነዳጁ ይወፍራል፣ በሞተሩ በኩል ከሆነ ሲዘጋ ይሳሳል። ይህን ያላወቀ ሰው ወደተሳሳተው አቅጣጫ እያዞረ ይውላል።

ሌላው የእኛ አገር ጉዳይ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ናቸው። ደሴ የተስተካከለ ሞተር ኮምቦልቻ ሲደርስ አየሩ ስለሚወፍር ነዳጁ በመጠኑ ይሳሳል። ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ነዳጅ መስጫውን ለቅቃችሁ ስትወርዱ ማርሚታው ‹ጧ ጧ› ካለ መጀመሪያ ማርሚታው ከሞተሩ ራስ የሚገናኝበትን ጓርኒሲዮን እዩ፤ እሱ ደህና ከሆነ ብሎኑን ሩብ ዙር ወደ ማወፈሪያው መልሱ። ኮምቦልቻ ውሎ ደሴ የሚያድር ሰው እዚያው ኮምቦልቻ ቢያስተካክል ይመረጣል፤ ደሴ ላይ ትንሽ ቢወፍርም ለጠዋቱ ብርድ ይጠቅመዋል፣ ቾክም ብዙ አይፈልግም።