የፈረሰ ሰፈር አድራሻ

ቅዳሜ ማታ

ዛሬ አሮጌውን ላፕቶፕ ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩት። የታላቅ እህቴ ልጅ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገብቷል፤ ለቤት ሥራው ይሁነው ብዬ ነው። አቧራውን ጠረግን። ቻርጀሩን ከኬብል ክምር ውስጥ ፈልገን አገኘነው። ተከፈተ። ዋይፋዩንም ያዘ፣ ሲግናሉ ሙሉ ነው። ግን አንድም ገጽ አይከፍትም።

«አጎቴ፣ ኔትወርክ የለም» አለኝ።

እናቴ ከኩሽና ሆና ተቀበለችው። «ሰፈሩ ሁሉ ጠፍቶ ይሆናላ!»

እኛ ቤት ኢንተርኔት እምቢ ሲል መጀመሪያ የሚከሰሰው ሩቅ ያለው ነው። መስመሩ፣ ዝናቡ፣ ፓስወርዱን አገኘ ተብሎ የሚጠረጠረው የጎረቤት ልጅ። እኔም ከዚያው ወገን ነኝ። ተነሥቼ ራውተሩን ነቅዬ ሰካሁት። ስልኬ ላይ ዩቲዩብ ይሠራል። የልጁም ስልክ ይሠራል። ያኮረፈው ላፕቶፑ ብቻ ነው።

ሪስታርት አደረግኩት። (እንደ ጠበል ነው፤ ለሁሉም ይሞከራል።) ወይ ፍንክች። ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍቼ 8.8.8.8ን፣ የጉግልን አንድ አድራሻ፣ ፒንግ ሳደርግ (አለህ ወይ ብዬ መልእክት ስልክበት) ግን መለሰ። አራቱም ሄደው መጡ። እዚህ ላይ ነው ቆም ያልኩት። ፒንግ በፕሮክሲ፣ ማለትም መሀል ቆሞ ገጹን በሚያመጣ አገናኝ በኩል፣ አይሄድም፤ በቀጥታ ነው የሚወጣው። እሱ ወጥቶ ከተመለሰ መስመሩ ደህና ነው። መንገዱ የጠፋበት ብሮውዘሩ ሳይሆን አይቀርም።

ያኔ የስሕተት መልእክቱን አነበብኩ። ለካ ከመጀመሪያው ጀምሮ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ፕሮክሲ ሰርቨሩ ላይ ችግር አለ ወይም አድራሻው ልክ አይደለም ነው የሚለው። እንግሊዝኛ ስለሆነ አይደለም ያላነበብነው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ስናይ ዓይናችን ዘሎት ያልፋል።

ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ፕሮክሲ የሚለውን ከፈትኩ። በርቷል። 192.168.43.1፣ ፖርት 8080። ማነው ይሄን የነካካው ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። የራሴ ሥራ ነው።

የካቲት 2015። ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ የተገደቡበት ጊዜ። እስከ ሐምሌ፣ አምስት ወር ያህል ቆየ። ያን ሰሞን ቪፒኤን፣ የተገደበውን በሌላ መንገድ የሚያስከፍተውን አፕ፣ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ሲበራ ስልኩ አናት ላይ ትንሽ የቁልፍ ምልክት ትመጣለች። እናቴ ስሙን መያዝ አልፈለገችም፤ «ያቺን ቁልፍ አብራልኝ» ነበር የምትለኝ።

ስልክ ላይ ችግር አልነበረም። ላፕቶፑ ነው ያስቸገረኝ። ሆትስፖት ከፍቼ ባገናኘውም ዩቲዩብ ወይ አይል። ነገሩ እስኪገባኝ ሁለት ቀን ፈጀ። አንድሮይድ ላይ ቪፒኤኑ የሚያገለግለው ስልኩን ራሱን ነው። በሆትስፖት የመጣ እንግዳ ቁልፏን ሳያይ በዋናው በር ቀጥ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ስልኩ ላይ የፕሮክሲ አፕ ጫንኩ። ላፕቶፑ የሚፈልገውን ለአፑ ይነግረዋል። አፑ ደግሞ እንደ ማንኛውም የስልኩ አፕ በቪፒኤኑ በኩል ያመጣለታል። ተላላኪ ልጅ በለው።

የመጀመሪያው ማታ ላፕቶፑ ላይ አድራሻውን 127.0.0.1 ብዬ ጻፍኩ። የሆነ ቦታ አይቼው ነው። ያ ቁጥር ለማንኛውም ማሽን «እኔው ራሴ» ማለት ነው። ላፕቶፑ የገዛ በሩን እያንኳኳ፣ ማን ይከፍትልኛል ብሎ ሲጠብቅ አመሸ። እኔም አብሬው።

በማግስቱ የስልኩን አድራሻ አስገባሁ፣ ሠራ። ታናሽ እህቴም ልግባ አለች። ገባች። ከዚያ ሌላ ጣጣ መጣ። የስልኩ ስክሪን ከጠፋ ትንሽ ቆይቶ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። እሷ «ጠፋ!» ትላለች፣ እኔ ስክሪኑን ነካ አደርጋለሁ፣ ይመጣል። ሦስት ቀን እንደዚህ ኖርን። ስልኩን እንደ ሕፃን በየተራ እየነካካን። ለካ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል አፑን እያስተኛው ነው። ከባትሪ ቁጠባው ሳወጣው መቋረጡ ቀረ።

ስልኬ ቻርጅ ሲያልቅበት ደግሞ የእሷን አዲስ ስልክ እንጠቀም ነበር። እሱ ሆትስፖት በከፈተ ቁጥር አድራሻው ይቀየራል፤ አዲሶቹ አንድሮይዶች እንደዚያ ናቸው። «መቶ ዘጠና ሁለት፣ ነጥብ፣ መቶ ስድሳ ስምንት፣ ነጥብ...» እያለች ከመኝታ ቤት እንደ ሎተሪ ታነብልኛለች፣ እኔ ሳሎን እጽፋለሁ። ፓኬጁን ግን ፕሮክሲም ቪፒኤንም አላዳነውም። አንድ ሌሊት ዊንዶውስ አፕዴቱን ሲያወርድ አድሮ ጠዋት ዜሮ አደረሰን። ሆትስፖቱን ሜተርድ (ዳታው የሚቆጠርበት መስመር ነው ብሎ ለዊንዶውስ መንገር) ማድረግ እንዳለብኝ ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

በዚያው ክረምት መሥሪያ ቤቴ ሌላ ላፕቶፕ ሰጠኝ። ይሄኛው እንደበራ፣ ማለቴ ፕሮክሲው እንደበራ፣ ቁም ሳጥን ላይ ወጣ። ዛሬ ሲወርድ የያዘው ያንኑ የድሮ አድራሻ ነው። የቤታችን ዋይፋይ 192.168.1 ምናምን ነው የሚሰጠው። 43 የሚባል የለም። የፈረሰ ሰፈር የቤት ቁጥር ይዞ እንደሚዞር እንግዳ ሲንከራተት ነበር።

አጠፋሁት። አንዲት ክሊክ። ገጹ ሁሉ እየተግተለተለ ተከፈተ።

ልጁ በትከሻዬ በኩል ሲያይ ነበር። «አጎቴ፣ 192.168.43.1 ማነው?»

«የድሮ ስልኬ ነው» አልኩት።

«የታለ?»

በአገጬ ወደ ኩሽና ጠቆምኩት። መስታወቱ የተሰነጠቀው ስልክ ስኳር ዕቃው ላይ ተደግፎ መዝሙር እያሰማ ነው። እናቴ ሽንኩርት ትከትፋለች።

«መጣ እንዴ ኔትወርኩ?» አለች።

«መጣ» አልኳት።

«ብዬ ነበር እኮ፣ ሰፈሩ ሁሉ ነው የጠፋው።»