አንድ ላፕቶፕ፣ ብዙ ስሪት፦ በፒኤልሲ ሶፍትዌር አያያዝ እስካሁን የደረስኩበት

የፒኤልሲ፣ ማለትም የፋብሪካ ማሽኖችን የሚያዝ የኢንዱስትሪ ኮምፒውተር፣ ፕሮግራም መማር የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው በመሰላል ቅርጽ ስለሚሳለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ስለ ላደር ሎጂክ ነው። ላደሩ ግን ቶሎ ይገባል። ሳይታሰብ ጊዜ የሚበላው፣ በሥልጠናም ላይ ራሱን የቻለ ምዕራፍ የማይሰጠው ጉዳይ፣ የትኛው ፕሮጀክት በየትኛው የሶፍትዌር ስሪት እንደሚከፈት ማወቅና ያንን ስሪት ዝግጁ አድርጎ ማቆየት ነው። ያለፉትን ወራት ትርፍ ጊዜዬን ያዋልኩት እዚህ ላይ ስለሆነ፣ የደረስኩበትን ለሙያ አጋሮቼ አካፍላለሁ።

ሥራዬን ሁሉ ያስተካከለልኝ አንድ ሐሳብ ነው፦ ስሪቱን የሚመርጠው ማሽኑ ነው። ለቢሮ ሥራ የሚሰጠው «አዲሱን ጭነህ ተገላገል» የሚል ምክር እዚህ አይሠራም። በካቢኔው ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ (ፒኤልሲው) ከ10 ወይም ከ15 ዓመት በፊት የተጻፈለትን ፕሮግራም ይዞ ዛሬም ያለ እረፍት እየሠራ ነው። እሱ እስካልተቀየረ ድረስ የእኔ ሶፍትዌር ወደ እሱ ዘመን መውረድ አለበት። ስለዚህ ገመድ ከመሰካቴ በፊት የመቆጣጠሪያውን ትክክለኛ ሞዴል፣ የፈርምዌሩን (በውስጡ የተጫነውን መሠረታዊ ሶፍትዌር) ቁጥር እና የመጨረሻው ፕሮጀክት የተቀመጠበትን የሶፍትዌር ስሪት እጠይቃለሁ። ሦስተኛውን የሚያውቅ ሰው ማግኘት ከሁሉም ይከብዳል።

በዚህ ረገድ ግልጽነቱን የምወድለት የመቆጣጠሪያ አምራቹ የሮክዌል አሠራር ነው። ሎጂክስ የተባለው መቆጣጠሪያው የፈርምዌር ቁጥር በነጥብ ይከፈላል፤ 20.11 ከሆነ 20 ዋናው፣ 11 ደግሞ ንዑሱ ነው። ዋናው ቁጥር ከሶፍትዌሩ ስሪት ጋር የግድ መግጠም አለበት፤ ክርክር የለውም። ፈርምዌሩ 20 የሆነን መቆጣጠሪያ በ24 ፕሮጀክት ልትገናኙት አትችሉም። ቁጥሩን ደግሞ ምንም ፕሮጀክት ሳትከፍቱ በሮክዌል የግንኙነት ሶፍትዌር በአርኤስሊንክስ ማንበብ ትችላላችሁ። የፕሮግራም መጻፊያ ሶፍትዌሩ እስከ ስሪት 20 ድረስ አርኤስሎጂክስ 5000 ይባል ነበር፤ ከ21 ጀምሮ ስቱዲዮ 5000 ሆኗል። የፋይሉ ቅጥያ ግን በሁለቱም ኤሲዲ ስለሆነ ስሙን አይቶ ስሪቱን መገመት አይቻልም። ደግነቱ ብዙዎቹ ስሪቶች በአንድ ዊንዶውስ ላይ ጎን ለጎን ያለ ጠብ ይቀመጣሉ።

ሌላው አምራች ሲመንስ በተቃራኒው ስሪቱን በፋይሉ ቅጥያ ላይ ይጽፈዋል። በፕሮግራም መጻፊያው በቲአይኤ ፖርታል 16 የተሠራው ኤፒ16፣ በ17 የተሠራው ኤፒ17 ይሆናል። አዲሱ ስሪት የድሮውን ሲከፍት ቅጂ አውጥቶ ያሻሽለዋል፤ ዋናው ፋይል ሳይነካ ይቀራል። ወደ ኋላ መመለስ ግን የለም፦ በ17 የተቀመጠውን 16 አይከፍተውም። በ11 ወይም በ12 የተሠራ ፕሮጀክት ከገጠማችሁ ደግሞ ወደ ዛሬው ስሪት በአንድ ጊዜ አይዘልም፤ መጀመሪያ በ13 በኩል ማለፍ አለበት። ለዚህ አገልግሎት ብቻ 13ን እስካሁን አልጣልኩትም። ከዚያ በፊት ያለው ራሱን የቻለ ዓለም ነው። ኤስ7-300 እና ኤስ7-400 የተባሉት የሲመንስ መቆጣጠሪያዎች በብዛት የሚገኙት በቀድሞው ሶፍትዌር በስቴፕ 7 ስሪት 5 ተጽፈው ነው። ኤስ7-200 የሚያውቀው ማይክሮዊን የተባለውን የራሱን ሶፍትዌር ብቻ ነው፤ ቲአይኤ ፖርታል እሱን ከነጭራሹ በዝርዝሩ ውስጥ አላስገባውም።

ስለዚህ «ላሻሽለው ወይስ ልተወው?» የሚለው ጥያቄ የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። አንድ ሰው ፕሮጀክቱን ወደ አዲስ ስሪት አሻሽሎ ወደ መቆጣጠሪያው ከላከ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሽኑን የሚነካ ሁሉ ያንን ስሪት መያዝ ግዴታው ይሆናል። የሌሊት ተረኛው ላፕቶፕ ላይ ያለው የድሮ ስሪት እንደሆነስ? ማሻሻያ ከመሥራቴ በፊት ሌሎቹ ምን እንደጫኑ የምጠይቀው ለዚህ ነው። የኦፕሬተር ፓነልም (ኦፕሬተሩ ማሽኑን የሚያዝበት ስክሪን) መረሳት የለበትም፤ በፓነሉ ላይ ያለው የስርዓተ ክወና ምስል ከፕሮጀክቱ የመሣሪያ ስሪት ጋር ካልተስማማ የስክሪኑን ፕሮግራም መላክ አይቻልም።

የብዙ አምራቾች መቆጣጠሪያ በሚጻፍበት በኮዴሲስ ሶፍትዌር ነገሩ ይረቃል። ፕሮጀክቱ የኮምፓይለሩን (ፕሮግራሙን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረውን)፣ የመሣሪያ መግለጫውን እና የላይብረሪዎቹን ስሪት ለየብቻ ይመዘግባል። በአዲስ ስሪት ስትከፍቱት እነዚህን ላዘምን ወይ የሚል መስኮት ይመጣል፤ ብዙ ሰው ሳያነብ እሺ ይላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለዚህ መስኮት ሳይሆን አይቀርም። ኮምፓይለሩ ከተለወጠ ማሽኑ እየሠራ ትንሽ ለውጥ መላክ አይቻልም፤ ሙሉውን ፕሮግራም እንደገና መላክ ያስፈልጋል። ያ ማለት ፕሮግራሙ ይቆማል፣ አብዛኞቹ ተለዋዋጮችም ወደ መነሻ ዋጋቸው ይመለሳሉ። የአንድ ታይመር ጊዜ ለመቀየር ብሎ መስመር ማስቆምን የሚወድ የምርት ኃላፊ አላውቅም። እኔ ሁሉንም «አታዘምን» ብዬ አልፋለሁ፤ ማዘመን ካስፈለገ በታቀደ የጥገና ቀን ይሁን። የሌላው አምራች የቤክሆፍ ሶፍትዌር ትዊንካት 3 ይህንን በሌላ መንገድ ይፈታዋል፦ የርቀት ማኔጀር በሚባለው ክፍሉ የድሮውን ግንባታ፣ ለምሳሌ 4022ን፣ አዲሱ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ መርጦ መሥራት ይቻላል።

ይህን ሁሉ በአንድ ዊንዶውስ ላይ መከመር ግን አልፈለግሁም። አሁን የምሠራው በቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በላፕቶፑ ውስጥ በሶፍትዌር በሚፈጠር ሌላ ኮምፒውተር ነው፤ ለእያንዳንዱ የሶፍትዌር ቤተሰብ አንድ። የድሮዎቹ ሲመንሶች በአንዱ፣ ቲአይኤ ፖርታል በሌላው፣ የሮክዌሎቹ በሦስተኛው። ትልቁ ጥቅም የድሮውን ዊንዶውስ ከነፕሮግራሙ አሽጎ ማስቀመጥ መቻሉ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ለዊንዶውስ 7 ደግሞ በ2020 አቁሟል። የድሮ ሶፍትዌሮች ግን አሁንም እነሱኑ ይፈልጋሉ። እነዚህን ማሽኖች ከኢንተርኔት ጋር አላገናኛቸውም፤ ሥራቸው ከመቆጣጠሪያው ጋር መነጋገር ብቻ ነው። ዋጋው የዲስክ ቦታ ነው፤ አንዱ ቨርቹዋል ማሽን በአስር የሚቆጠር ጊጋባይት ይወስዳል።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚቸገርበት ቦታ ልምጣ። ቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ሆናችሁ የመቆጣጠሪያውን አይፒ አድራሻ ፒንግ ስታደርጉት (አለህ ወይ ብላችሁ ስትጠይቁት) ይመልሳል። ቲአይኤ ፖርታል ውስጥ ገብታችሁ በኔትወርኩ ላይ ያሉ መሣሪያዎችን ፈልግ ስትሉት ግን ዝርዝሩ ባዶ ነው። ፋየርዎሉን ብታጠፉ፣ ሶፍትዌሩን እንደገና ብትጭኑ ለውጥ የለም። ምክንያቱ የኔትወርኩ አሠራር ነው። ቨርቹዋል ማሽኑ በናት ዘዴ ከተገናኘ የአይፒ መልእክት በላፕቶፑ በኩል ተተርጉሞ ያልፋል፤ ለዚህ ነው ፒንጉ የሚሠራው። ፕሮፊኔት የተባለው የኢንዱስትሪ ኔትወርክ መሣሪያዎችን የሚፈልግበት ዲሲፒ የተባለው ፕሮቶኮል ግን አይፒን አይጠቀምም፤ በቀጥታ በኢተርኔት ፍሬም ይጓዛል፣ ናቱም አያሳልፈውም። መፍትሔው የቨርቹዋል ማሽኑን ኔትወርክ ብሪጅድ ወደሚባለው፣ በቀጥታ ከኔትወርኩ ጋር ወደሚያገናኘው ዘዴ ቀይሮ ትክክለኛውን የኔትወርክ ካርድ በስሙ መምረጥ ነው። ምርጫውን ለሶፍትዌሩ ከተዋችሁለት ዋይፋዩን ሊይዝ ይችላል። እኔ ከዚህም አልፌ በዩኤስቢ የሚሰካ የኔትወርክ አስማሚ ገዝቼ ሙሉ በሙሉ ለቨርቹዋል ማሽኑ አሳልፌ እሰጠዋለሁ። ያኔ ላፕቶፑ ራሱ አስማሚውን አያየውም፤ መሃል የሚገባ የለም። ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል መቀየሪያዎችም በዚሁ መንገድ ለድሮዎቹ ማሽኖች ይሰጣሉ።

ስለ ፈቃድ ባጭሩ፦ ቨርቹዋል ማሽን ከመሰረዛችሁ ወይም ወደ ድሮ ስናፕሾት (ወደተቀመጠ የቀድሞ የማሽኑ ሁኔታ) ከመመለሳችሁ በፊት የፈቃድ ቁልፉ የት እንዳለ እወቁ። ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ የሚዛወር ዓይነት ከሆነ አስቀድማችሁ አውጡት፤ አለዚያ ከማሽኑ ጋር አብሮ ይጠፋል። የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌሩ ቪኤምዌር የተቀዳ ማሽን ሲከፍት «አዛወርኸው ወይስ ቀዳኸው?» ብሎ ይጠይቃል። «ቀዳሁት» ካላችሁ የኔትወርክ ካርዱን መለያ ቁጥር ይቀይረዋል፤ በዚያ ቁጥር ላይ የታሰረ ፈቃድም ይከሽፋል። ስናፕሾትን እንደ መጠባበቂያ ቅጂ የሚቆጥሩም አሉ፤ በዚያው ዲስክ ላይ እስካለ ድረስ ዲስኩ ሲበላሽ አብሮ ይሄዳል።

ፕሮጀክቶቹን ቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ አላከማችም። ስሠራ በውስጡ ባለው ዲስክ ላይ እሠራለሁ፤ ስጨርስ የሶፍትዌሩን የራሱን የማኅደር ትእዛዝ ተጠቅሜ ወደ ውጭ አወጣለሁ። የኮዴሲስ የፕሮጀክት ማኅደር በተለይ ጠቃሚ ነው፤ ላይብረሪዎቹንና የመሣሪያ መግለጫዎቹን አብሮ ይይዛል። የማኅደሩን ስም የምጀምረው በማሽኑ መለያ ነው፤ ቀጥሎ የሶፍትዌሩ ስሪት፣ የፈርምዌሩ ቁጥር፣ መጨረሻ ላይ ቀኑ ከዓመት ጀምሮ። «የመጨረሻ»፣ «አዲሱ»፣ «ትክክለኛው» የሚሉ የፋይል ስሞች ከእኔ ዘንድ ተሰናብተዋል። ያንኑ መረጃ በወረቀት አትሜ በካቢኔው በር ውስጠኛ ክፍል እለጥፋለሁ፤ የሚቀጥለው ሰው ሦስተኛውን ጥያቄ፣ የሶፍትዌሩን ስሪት፣ ማንን ልጠይቅ ብሎ እንዳይዞር።

ቀጣዩ የቤት ሥራዬ የፋይል ለውጦችን በሚመዘግበው ሶፍትዌር በጊት የለውጥ ታሪክ መያዝ ነው። አስቸጋሪው ነገር አብዛኞቹ የፕሮጀክት ፋይሎች ባይነሪ መሆናቸው ነው፤ ጊት ያስቀምጣቸዋል እንጂ ልዩነታቸውን በሚነበብ መልክ አያሳይም። የፕሮግራም ቋንቋዎቹ እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው አይኢሲ 61131-3 መስፈርት ተደንግገዋል፤ የፋይል አቀማመጡን ግን እያንዳንዱ አምራች በራሱ መንገድ ይዞታል። ቲአይኤ ፖርታል ከስሪት 16 ጀምሮ ብሎኮችን በጽሑፍ መልክ ወደ ውጭ ፎልደር የሚያመሳስል ክፍል አለው፤ ሮክዌልም ኤል5ኤክስ በሚባል የኤክስኤምኤል ፋይል ያወጣል። ሁለቱንም በትንንሽ የሙከራ ፕሮጀክቶች ጀምሬያለሁ። እስካሁን ያየሁት፣ በጽሑፍ የሚጻፈው ስትራክቸርድ ቴክስት ልዩነቱ ጥርት ብሎ ሲነበብ፣ ላደሩ ግን በኤክስኤምኤል ተጠቅልሎ አንድ ኮንታክት (የላደር ምልክት) ሲጨመር በርካታ መስመሮች እንደሚለዋወጡ ነው።