አንሶላዬ ውስጥ የገባው ወንዝ

ከኔፓሏ ከተማ ከፖካራ ንጋት 12 ሰዓት ተነስተን ተራራ መሃል ያለችው ጆምሶም የገባነው መሽቶ ነው። ስለ መንገዱ አልናገርም፤ ከቤኒ በኋላ ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያለፍኩት።

ያረፍኩበት ቤት መስኮቱ አይገጥምም። ነፋሱ በረድ ያለው ማታ 3 ሰዓት ገደማ ነው። እስከዚያ የካሊ ጋንዳኪ ወንዝ አሸዋ አንሶላዬ ውስጥ ገብቶ ተደላድሏል። ስታከክ አደርኩ።

ጠዋት ለቤቱ እመቤት ምሬቴን አሰማሁ። ሰዉ ሁሉ "ዲዲ" ይላታል፤ እትዬ እንደማለት ነው። ይቅርታም አላለች፣ ክፍልም አልቀየረች። የራሷን የሱፍ ሻርፕ አንገቴ ላይ ጠመጠመችና "ካግቤኒ ረፋዱ ላይ ግባ። የምትመለሰው ግን ነገ ጠዋት ይሁን" አለችኝ። ካግቤኒ ከጆምሶም በሸለቆው ሽቅብ ያለች መንደር ናት፤ ምክንያቱም ነፋሱ ነው፦ ፀሐይ በሰሜን ያለውን ደረቅ ደጋ ስታሞቀው አየሩ ወደ ላይ ይነሳል፤ የታችኛው አየር ቦታውን ሊይዝ በሸለቆው ሽቅብ ይጋልባል። አውሮፕላኖቹም ጠዋት ጠዋት ብቻ የሚበሩት ለዚሁ ነው።

ወንዙን ሳየው አዘንኩ። ሰፊ የጠጠር ሜዳ፣ መሃሉ ላይ አመድ የተበጠበጠበት የሚመስል ቀጭን ውሃ። እኔ የአባይን በረሃ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል እያየሁ ያደግኩ ሰው፣ በገደል ማንም አይበልጠንም ባይ ነበርኩ። ይህ "ቀጭን" ውሃ ግን ከጆምሶም ወረድ ሲል በ8,167 ሜትሩ ዳውላጊሪና በ8,091 ሜትሩ አናፑርና መሃል ሰንጥቆ ያልፋል። በዕድሜም ከተራሮቹ ይቀድማል ይላሉ አጥኚዎቹ፤ እነሱ ሲነሱ እሱ እየቆረጠ መንገዱን አልለቀቀም። እዚህ ገደሉን የምታየው ቁልቁል ሳይሆን አንገትህ እስኪያምህ አንጋጠህ ነው።

መንገድ ላይ አንዱ ሻጭ ሻሊግራም በ1,000 ሩፒ ሸጠልኝ። በጥንት ባሕር የኖረ ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት ቅርጹ የታተመበት ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ሂንዱዎች ቪሽኑ ነው ብለው ያከብሩታል። ካግቤኒ ስደርስ እሱኑ የመሰለ በ300 አየሁ። ተናድጄ ዲዲን አልሰማሁም፤ በዚያው ቀን ተመለስኩ። ስሄድ ከኋላ የገፋኝ ነፋስ ስመለስ ፊቴን በጠጠር ገረፈኝ። ዲዲ ስታየኝ ሳቀች። ሙቅ ውሃ ቀዳችልኝ፣ ከዚያም ሩዝና ምስር። ሳህኔ ጎደል ባለ ቁጥር ትጨምራለች፤ በቃኝ ማለት እንደኛው አገር ከንቱ ነው።

ከሳምንት በኋላ ወደ ሕንድ ስወርድ ናራያንጋርህ ድልድይ ላይ ቆምኩ። ወንዙ ከትሪሹሊ ጋር ተቀላቅሎ ናራያኒ ተብሏል፤ ድንበር ሲሻገር ጋንዳክ ሆኖ ፓትና አጠገብ ጋንጅስ ይገባል። ሰፊ፣ የተረጋጋ፣ ነፋስ የለ። ሙቀቱ አላስቆም ሲለኝ ጃኬቴን አወለቅሁ፤ ከኪሱ አሸዋ ተራገፈ።