እንግዳ መሆን ሲናፍቅ

ዛሬ ጠዋት ጫማ ሰፊው "ማታ መብራትህ ሳይጠፋ አመሸ፤ አሞህ ነበር እንዴ?" አለኝ። ቤቱ ከኔ ቤት ማዶ መሆኑን እንኳን አላውቅም ነበር። አሳስቦት ነው የጠየቀኝ። እኔ ግን የምመልሰው ጠፋኝ። ትልቁ ከተማ ውስጥ አሥር ዓመት ስኖር መብራቴን ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

ወደዚህች ትንሽ ከተማ ከመጣሁ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። መጀመሪያ ሰሞን መንገድ ላይ ሁሉንም ሰው ቀድሜ ነበር የምሄደው፣ ምንም የሚያስቸኩለኝ ነገር ሳይኖር። ማርክ እና ሄለን ቦርንስታይን የሚባሉ ተመራማሪዎች በ6 አገሮች፣ በ15 ከተሞችና መንደሮች የእግረኞችን ፍጥነት ለክተው እ.ኤ.አ. በ1976 ውጤቱን አውጥተዋል። የነዋሪው ቁጥር ሲበዛ እርምጃውም ይፈጥናል። የኔ እግርም ያንን ተሸክሞ መጥቶ ነበር ማለት ነው። ባለፈው አንድ አዛውንት ቀድመውኝ ሲያልፉ መለወጤ ገባኝ።

ሰሞኑን ያገኘሁትን ሁሉ "እዚህ መኖር እንዴት ነው?" እላለሁ። ከሌላ ቦታ የመጣን ሰዎች እናወድሳለን። እዚሁ ያደጉት ግን ያማርራሉ፣ በተለይ ወጣቶቹ። የጎረቤቴ ልጅ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። "ጋሼ፣ እርስዎማ ጠግበው ነው የመጡት። ሁሉ ሰው ያለው እዚያ ነው" አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የተባበሩት መንግሥታት ጥናት ከዓለም ከተሜ ግማሽ የሚጠጋው ከ500,000 ነዋሪ በታች ባላቸው ከተሞች እንደሚኖር ነገርኳት። በሐዘኔታ አየችኝ።

እውነቷን ነው። አምና ዓይኔን ሲያመኝ ስፔሻሊስቱ በወር አንዴ ብቻ እንደሚመጣ ተነገረኝ። ጀርመናዊው የጂኦግራፊ ምሁር ዋልተር ክሪስታለር እ.ኤ.አ. በ1933 ምክንያቱን አስረድቶታል። ማንኛውም አገልግሎት ለመቆም የሚያስፈልገው ትንሹ የደንበኛ ቁጥር አለ። ፀጉር አስተካካይ በየሰፈሩ ይኖራል። የዓይን ሬቲና ሐኪም ግን የሚኖረው ብዙ ሰው ያለበት ነው። ገባኝ፤ ዓይኔ ግን ስለገባኝ አልዳነም። አራት ሰዓት ሙሉ በአውቶብስ ሄድኩ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። እዚህ መጣላት አይቻልም።

መስኮቴን የሚሠራልኝ አናጺ ሦስት ሳምንት አመላለሰኝ። ድሮ ቢሆን "ዓይንህን አልይ" ብዬ ሌላ እፈልግ ነበር። እዚህ ግን ሌላ አናጺ የለም። ሚስቱ የልጄ አስተማሪ ናት። ወንድሙ መድኃኒት የምገዛበት ፋርማሲ ውስጥ ይሠራል። ንዴቴን ዋጥ አደረግኩት። በዚያው ቀን ሦስት ጊዜ መንገድ ላይ ተገናኘን፣ በሦስተኛው ሁለታችንም ሳቅን።

ይህን ሳወራ ሰዎች "አየህ፣ ፍቅር ነው" ይሉኛል። እኔ እንጃ። ፍቅር ሳይሆን አማራጭ ማጣት ይመስለኛል። የማውቀው አንድ ሰው አሠሪው የሁለት ወር ደመወዙን አስቀርቶበታል። አልከሰሰም። አሠሪው የአማቱ ጓደኛ ነው፣ ምስክር የሚሆኑትም ሁሉ ዘመድ ናቸው። "በኋላ ከማን ጋር እኖራለሁ?" አለኝ። እኔ የዋጥኩት የመስኮት ንዴት ነው፤ እሱ የዋጠው የልጆቹን ጉሮሮ ነው። ስለ ትንሽ ከተማ ሰላም ሲወራ ይህ ሰው ትዝ ይለኛል።

ግን ልመለስ ወይ ብዬ ራሴን ስጠይቅ መልሱ "አልመለስም" ነው። ለምን እንደሆነ በደንብ ማስረዳት አልችልም። ባለፈው ክረምት ትኩሳት ይዞኝ ሁለት ቀን ከቤት ሳልወጣ ቀርቼ ነበር። በሦስተኛው ቀን በሬን የቆረቆረው ማን መሰላችሁ? አናጺው። መስኮቱን ግን ይዞ አልመጣም።

ይኸው አሁንም አምሽቻለሁ። ማዶ ያለው የጫማ ሰፊው ቤት መብራቱ ጠፍቷል። መጋረጃውን ልዘጋ ተነሳሁ። ከዚያ ነገ ጠዋት ስለ መጋረጃው ሲጠይቀኝ ታየኝና ተመልሼ ተቀመጥኩ።