«ኃይሌ እዚህ የለውም እንዴ?» ከደሴ ሆኜ የሆቴሎችን ካርታ የሰራሁበት መንገድ

ደሴ ውስጥ አንድ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ነው የምሰራው፣ አብዛኛውን ጊዜ የማታ ሺፍት። ማታ የሚገባ እንግዳ፣ በተለይ ከአዲስ አበባ ለስልጠና የሚመጣው፣ መታወቂያውን እያቀበለኝ «ኃይሌ እዚህ የለውም እንዴ?» ይለኛል። የሯጩን የኃይሌ ገብረሥላሴን ሆቴል ማለቱ ነው፣ የለውም እላለሁ። «ኩሪፍቱ ሪዞርትስ?» እሱም የለም። መጀመሪያ ሰሞን መልሼ ዝም ነበር፣ እየቆየ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ደሴን የሚያህል ከተማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ከነኢንዱስትሪ ፓርኩ ከነኤርፖርቱ አፍንጫችን ስር ሆኖ፣ ለምን? ብዙ ቅርንጫፍ ያላቸው ሆቴሎች ቦታ ሲመርጡ ምን እያዩ ነው? በወሬ ከምመልስ ካርታ ላይ አውጥቼ ልየው ብዬ ከጓደኛዬ ላፕቶፕ ተዋስኩና ጀመርኩ።

ኤክሴል ከፍቼ የሆቴሉ ስም፣ ከተማ፣ የማን እንደሆነ፣ ኮኦርዲኔት (ቦታውን የሚያሳዩት ሁለት ቁጥሮች) ብዬ ኮለም አወጣሁ። የያዝኩት የኃይሌ ገብረሥላሴን ሆቴሎች፣ ኩሪፍቱን፣ የድሮዎቹን የመንግስት የጊዮን ሆቴሎችና የበቀለ ሞላን ነው። ስሞቹን ከራሳቸው ድረ ገጽ፣ ኦፕን ስትሪት ማፕ ከሚባለው የኢንተርኔት ካርታ፣ እና በሙያው ካሉ ጓደኞቼ በቴሌግራም እየጠየቅኩ ሰበሰብኩ። እዚህ ላይ ነው መጀመሪያ የተቸገርኩት፣ ምክንያቱም የኛ ፊደል ለኮምፒውተር ቀላል አይደለም። «ኃይሌ»፣ «ሀይሌ»፣ «ሃይሌ»፣ «ሐይሌ» ለኔና ላንተ አንድ ናቸው፣ ለኤክሴል ግን አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ከተሞቹም እንደዛው፣ አንዱ አዋሳ ሌላው ሀዋሳ ይላል፣ ናዝሬትና አዳማ፣ ደብረ ዘይትና ቢሾፍቱ፣ ዝዋይና ባቱ። አንድ ሌሊት ሙሉ ዝዋይም አላቸው ባቱም አላቸው እያልኩ ስቆጥር አድሬ ጠዋት ላይ ነው አንድ ከተማ መሆኑ ትዝ ያለኝ። ከዛ በኋላ አንድ ተጨማሪ ኮለም ጨመርኩ፣ ሃ፣ ሐ፣ ኀ እና ኃ በሙሉ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ እየተለወጠ የሚጻፍበት፣ ለእያንዳንዱ ከተማም አንድ ስም ብቻ መረጥኩ። የመጀመሪያው የተጻፈበት ኮለም እንዳለ መቀመጥ አለበት፣ እሱን አታጥፉት፣ በኋላ ስህተት ሲገኝ ከየት እንደመጣ የምታውቁት በሱ ነው።

ቀጥሎ ዳታውን ኪው ጂ አይ ኤስ ላይ ጫንኩት፣ ነጻ የካርታ መስሪያ ፕሮግራም ነው፣ ቪዲዮ እያየሁ ነው የለመድኩት። ጫንኩና ኢትዮጵያን ስፈልግ ባዶ ናት፣ አንድ ነጥብ የለም። ካርታውን ሳሳንሰው ነጥቦቼ በሙሉ ሜዲትራኒያን ባህር አካባቢ ተበትነዋል። መነሻዬ እንዲሆን ያስገባኋት ደሴ በሰርዲኒያና በጣሊያን መሀል ባህር ላይ፣ ጎንደር ከሲሲሊ በታች፣ አዳማ ደግሞ ሰርዲኒያ ደሴት ላይ የብስ ወጥታለች። ምን ሆኖ መሰላችሁ፣ ከስልክ ካርታ ላይ ኮኦርዲኔት ስትገለብጡ የሚቀድመው ላቲትዩድ (የሰሜን ደቡቡ ቁጥር) ነው፣ ለደሴ 11.13 ከዛ 39.63፣ ፕሮግራሙ ግን ኤክስ ብሎ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሎንግቲዩድ (የምስራቅ ምዕራቡ ቁጥር) ነው። እኔ በመጡበት ቅደም ተከተል ሞላኋቸው፣ ተገለበጡ። ለኛ ሀገር ግን ደስ የሚል መፈተሻ አለ፣ የኢትዮጵያ ላቲትዩድ ከ3 እስከ 15 ነው፣ ሎንግቲዩዱ ከ33 እስከ 48፣ ሁለቱ በፍጹም አይደራረቡም። ስለዚህ ትንሹ ቁጥር ሁልጊዜ ላቲትዩድ ነው፣ ኤክሴል ላይ በአንድ ፎርሙላ የተገለበጠውን መለየት ይቻላል።

ነጥቦቹ ቦታቸውን ሲይዙ ግን ካርታው ራሱ መናገር ጀመረ። ኃይሌ በፈረንጆቹ 2010 ሀዋሳ ላይ ጀመረ፣ ከዛ ሻሸመኔ፣ ዝዋይ፣ አዳማ፣ አርባ ምንጭ፣ ወላይታ ሶዶ፣ በሰሜን ደግሞ ደብረ ብርሃንና ጎንደር፣ አዲስ አበባም አለ። አብዛኛው ነጥብ ስምጥ ሸለቆውን ይዞ ወደ ደቡብ የሚወርድ መስመር ነው። የገረመኝ በቀለ ሞላም ከሱ ስንት ዓመት ቀድመው ያንኑ መስመር መያዛቸው ነው፣ ሞጆ፣ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ ሻሸመኔ፣ አርባ ምንጭ። ጊዮኖቹ በተቃራኒው ሰሜን ናቸው፣ ባህር ዳር ጣና ሆቴል፣ ጎንደር ጎሃ፣ አክሱም የሐ፣ ላሊበላ ሮሃ፣ ማለትም ቱሪስቱ በአውሮፕላን የሚዞርበት ቀለበት። አንዳንዶቹ በኋላ ወደ ግል ተላልፈዋል፣ እና «የማን ነው» የሚለው ኮለም መቼ ብሎ ካልጠየቀ ዋጋ የለውም። የውጪዎቹን፣ ሂልተን ሸራተን ራዲሰን ማሪዮት፣ ካርታ ማውጣትም አላስፈለገኝም፣ አዲስ አበባ ላይ አንድ ቦታ ተቆልለዋል። ወሎ ውስጥ ታዲያ እኔ ካርታ ላይ ካወጣኋቸው የቀረኝ ላሊበላ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሐይቅ ነው የሚፈልጉት አልኩ። ኩሪፍቱ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ነው፣ ባህር ዳር ጣና ዳር፣ ላንጋኖም እንደዛው፣ የኃይሌም ሀዋሳና ዝዋይ ሐይቅ ናቸው። እኛ ግን ሐይቅ አጥተን ነው? ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ላይ ከነእስጢፋኖስ ገዳሙ ስሙም «ሐይቅ» የሆነ ሐይቅ አለ፣ ትንሽ አለፍ ሲል አርዲቦ አለ። ጠዋት ጭጋጉ ሲነሳ የሐይቅን ውሃ ያየ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ሐይቅ ብቻውን አይደለም። የአዲስ አበባ ሰው አርብ ከስራ ወጥቶ ሰኞ ጠዋት ቢሮው የሚመለስበት ርቀት ብዬ አሰብኩ፣ ቢሾፍቱ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፣ ሀዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ሜዳ ለሜዳ ነው፣ ደሴ 401 ኪሎ ሜትር ነው፣ ያውም ጣርማ በርን ወጥቶ ወርዶ። ይሄኛው የበለጠ አሳመነኝ፣ ግን ጎንደርን አያስረዳም፣ ጎንደር በአውሮፕላን ነው ብትሉኝ ኮምቦልቻም አውሮፕላን ያርፋል። አሁን የማምነው ሶስት ነገር ሲገጥም ነው ብዬ ነው፣ ለእረፍት የሚመጣ ሰው፣ ሰው የማይቋረጥበት መንገድ፣ እና ስብሰባ። ስብሰባውን ሰው ይንቀዋል፣ እኔ ግን ሪሴፕሽን ላይ ሆኜ አያለሁ፣ የወርክሾፕ ሳምንት ሲሆን አልጋ ሙሉ ነው፣ አበሉ ሲቆም ኮሪደሩ ጭር ይላል።

ርቀት ላይ ያስተማሩኝ አጎቴ ናቸው። ከጅቡቲ ጭነት የሚያመላልሱ ሹፌር ናቸው፣ አንድ ቀን እቤት ሲያርፉ ካርታውን አሳየኋቸው። ፕሮግራሙ ከደሴ ኮምቦልቻ 13 ኪሎ ሜትር ነው ይላል። መነጽራቸውን አድርገው አዩትና «አብሽር ልጄ፣ ይሄ የአሞራ መንገድ ነው፣ ሐረጎን ማን ሊወርድልህ ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ በአስፋልቱ እጥፍ ይሆናል፣ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል እየተጠማዘዘ። ላሊበላማ ይብሳል፣ ካርታው ላይ በቀጥታ 120 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ በወልድያና በጋሸና ዞራችሁ ስትሄዱ ግን ወደ 300 ይጠጋል። ለደሴ የሚቀርበው የኃይሌ ሆቴል ደብረ ብርሃን ነው፣ በቀጥታ 160፣ በመንገድ 270። በወሎ ተራራ ላይ በቀጥታ መስመር የተሰራ «ቅርብ» የሚባል ነገር በሙሉ ውሸት ነው፣ ያንን ኮለም ሰርዤ የመንገዱን ርቀት አንድ በአንድ እንደገና ሞላሁ።

አንድ ኮለም ደግሞ በጣም ዘግይቼ ነው የጨመርኩት፣ «እየሰራ ነው ወይ» የሚል። የኃይሌ የሻሸመኔና የዝዋይ ሆቴሎች በ2012ቱ ሁከት ጉዳት ደርሶባቸዋል፣ ነጥቡ ግን ካርታ ላይ እንደነበረ ነው የሚቀመጠው። እኔ ይሄን ቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ የምሰራበት ሆቴል ፍራሹ፣ አንሶላው፣ የሪሴፕሽኑ ኮምፒውተር ሳይቀር ተወስዷል። ስንመለስ የቀረው የቁልፍ መስቀያው ሰሌዳ ነበር፣ ቁልፎቹ በየቁጥራቸው ተሰቅለው፣ የሚከፍቱት ክፍል ግን ባዶውን። ያን ሰሞን በስልክ ካርታ ፈልጋችሁን ቢሆን ኖሮ «ክፍት ነው» ይላችሁ ነበር። አሁን ለእያንዳንዱ ነጥብ መቼ ደውዬ እንዳረጋገጥኩ ቀኑን እጽፋለሁ።

አጎቴ የዛን ቀን ካርታውን ላፕቶፑ ላይ ወዲህ ወዲያ ሲያገላብጡ ቆዩና «እኛ የምናድርበትስ የታለ?» አሉኝ። የለም፣ ምክንያቱም ድረ ገጽ የላቸውም፣ አንዳንዶቹ ሰሌዳም የላቸውም፣ ግቢያቸው ሰፊ ሆኖ መኪና ማቆሚያ ስላላቸው ብቻ ሹፌር ሁሉ የሚያውቃቸው ናቸው። ደብተር አመጣሁ። ቡናው ሁለተኛው እስኪደርስ ድረስ እሳቸው እየጠሩ እኔ እየጻፍኩ ነበር፣ ሸዋ ሮቢት ድልድዩን አለፍ ሲል፣ ካራ ቆሬ፣ ከሚሴ፣ ባቲ ገበያው ጀርባ፣ ሚሌ መገንጠያው ላይ። የሚቀጥለው ዓመት ፈቃዴን ስወስድ ኮኦርዲኔታቸውን ለመያዝ ከሳቸው ጋር ጋቢና ተቀምጬ ልወርድ ተነጋግረናል።