የክርስትና ስማቸው

ዛሬ ጥቅምት 7 ነው። ከሰዓት በኋላ ጣና ዳር ነበርኩ። ክረምቱ ሐይቁን ሞልቶት ሄዷል፤ ውሃው ገና አልጠራም። ነፋሱ ግን የጥቅምት ነው፣ ነጠላ ያስፈልጋል። እማማም ነጠላቸውን እስከ አፋቸው ተከናንበው እንደ ሁልጊዜው አጥሩ ሥር ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ብዙም አላወራንም።

ሁለት ዓመት ሙሉ በአጠገባቸው አልፌያለሁ። ጠዋት ወደ ቅዳሴ ስሄድ አምስት ብር ወይ አስር ብር ጣል አደርግና እሮጣለሁ። ምርቃታቸውን እንኳ ቆሜ አልሰማሁም። ከኋላዬ «ከክፉ ይጠብቅሽ፣ ደጅሽን ይባርክልሽ» ሲሉ እየራቀ ይሰማኝ ነበር። ቅዳሴ ያመልጠኛል ብዬ ነው የምቸኩለው። ለጸሎት ስቸኩል ስንት ጸሎት ሳልሰማ ቀረሁ።

ሐምሌ ላይ እናቴ ታመመች። ሆስፒታል አድሬ ስመለስ እማማ ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ዛሬስ ፊትሽ ጠቁሯል። ማን ታሞብሽ ነው?»

«እናቴ ናት» አልኳቸው።

«የክርስትና ስሟን ንገሪኝ። ላስባት።»

ነገርኳቸው። ሁለት ጊዜ ደገሙት፣ እንዳይጠፋባቸው። እኔ ግን ቤቴ እስክደርስ እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

በቤተ ክርስቲያን ስንት ዓመት «ለድሆች፣ ለተራቡ፣ ለታረዙ» ብዬ ለምኛለሁ። በመቁጠሪያ ጸሎትም አንዱን ክፍል ሁልጊዜ ለእነሱ ነበር የማደርገው። ከልቤ ነበር፣ አልዋሽም። ግን በዚያ ሁሉ ጸሎት ውስጥ አንድም ስም አልነበረም። ለእናቴ ስጸልይ በስሟ ነው። ለወንድሜ ስጸልይ በስሙ ነው። ድሆች ብቻ ስም አልባ ሆነው በጅምላ ነው የጠራኋቸው። እማማ ግን አይተዋት ለማያውቋት ሴት ሲጸልዩ መጀመሪያ የጠየቁት ስሟን ነው።

በማግስቱ የእሳቸውን ጠየቅኋቸው። ሳቁ። «እሱን የሚጠይቀኝ ካገኘሁ ቆየሁ» አሉና ነገሩኝ። እዚህ አልጽፈውም። ለጸሎት የተሰጠኝ ስም ነው።

«የኔ ቢጤ» የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲህ እያሰብኩት ነው። ስንለው ለማኝ ማለታችን ነው፣ ትርጉሙን ረስተነዋል። እኔን የሚመስል፣ እንደኔው ያለ ማለት እኮ ነው። ይህን ቃል መጀመሪያ ያወጣው ሰጪው ይሁን ለማኙ አላውቅም። ማንም ያውጣው፣ ከማንም ስብከት በላይ ይከብደኛል።

ቀኑን ጥቅምት 7 ብዬ የጀመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 17 ነው፣ ድህነትን የማጥፋት ዓለም አቀፍ ቀን። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1992 ነው ያወጀው። ቀኑን ግን ቀድመው የጀመሩት ድሆቹ ራሳቸውና አንድ ካቶሊክ ካህን ናቸው፤ አባ ጆሴፍ ሬሲንስኪ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1917 አንዤ በምትባል የፈረንሳይ ከተማ፣ በስደተኛ ቤተሰብ፣ በችጋር ውስጥ ተወለዱ። በልጅነታቸው ማለዳ እየተነሱ በአንድ የመነኮሳይያት ገዳም ቅዳሴ ያገለግሉ ነበር። ዋጋው ቁርስና ለእናታቸው የሚያመጧት ጥቂት ሳንቲም ናት። ይህን ሳነብ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ደጃችን የሚቆሙት የቆሎ ተማሪዎች ትዝ አሉኝ።

ካህን ከሆኑ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1956፣ ፓሪስ አጠገብ ኑዋዚ ለ ግራን በሚባል መጠለያ ገቡ። ከ250 የማያንሱ ቤት አልባ ቤተሰቦች ጭቃ ላይ ይኖሩበት ነበር። አባ ጆሴፍ እዚያው አብረዋቸው ኖሩ። የሾርባ እደላው እንዲቀር አደረጉ። በምትኩ ቤተ መጻሕፍት፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ የልብስ ማጠቢያ፣ የጸሎት ቤትም ተከፈተ። መጀመሪያ ሳነበው ተናድጄ ነበር። የተራበ ሰው ሾርባ ይከለከላል እንዴ? አሁን ግን ትንሽ የገባኝ ይመስለኛል። ሾርባ የሚያድል ሰው ስም አይጠይቅም። መጽሐፍ የሚያውስ ግን ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 17 ቀን 1987 ፓሪስ ትሮካዴሮ አደባባይ ላይ የመታሰቢያ ድንጋይ ሲመረቅ ወደ አንድ መቶ ሺህ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ሐሳብ ይህ ነው፦ ሰዎች በከፋ ድህነት እንዲኖሩ በተፈረደባቸው ቦታ ሁሉ ሰብአዊ መብት ተጥሷል፤ መብቱ እንዲከበር መተባበርም ታላቅ ግዴታ ነው። አባ ጆሴፍ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 አረፉ።

እኛ የባሕር ዳር ካቶሊኮች ጥቂት ነን። የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት ራሱ የተቋቋመው በ2007 ዓ.ም. ነው። የመቁጠሪያ ጸሎት ማኅበራችን ሰባት ሰው ብንሆን ነው። የእማማን ነገር ስነግራቸው ወዲያው ልብስ ተዋጣ። ጥሩ ልብስ ነበር፣ ፌስታል ሙሉ። ይዤላቸው ሄድኩ። አመስግነው ተቀበሉኝና ቆይተው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ልብሱስ ደግ ነው። እኔ ግን የቸገረኝ መታወቂያ ነው።»

ለካ እግራቸው ያበጠው ከዓመታት በፊት ነው። ድሮ እንጨት ተሸክመው ነበር የሚያድሩት፤ እግራቸው እምቢ ሲል ልመና ወጡ። መክፈል ለማይችል ሰው የጤና መድህኑን መንግሥት ይከፍልለታል። ያለ መታወቂያ ግን መዝገብ ውስጥ አይገቡም። ሁለት ዓመት ሙሉ ያለፍኳቸው ይህን ሁሉ ይዘው ተቀምጠው ነው። አንድም ቀን ምን እንደሚፈልጉ አልጠየቅኳቸውም።

አብረን ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድን። እስካሁን ሦስት ጊዜ ተመላልሰናል። በመጀመሪያው ቀን ሠራተኛው እኔን እያየ «የሴትዮዋ ስም ማነው?» አለኝ። እሳቸው አጠገቤ ቆመዋል። ሰው መሆናቸው እንኳ የታየው አልመሰለኝም። ልመልስለት አፌን ከፈትኩ። እማማ ግን ቀደሙኝ። ከአባታቸውና ከአያታቸው ስም ጋር፣ ጮክ ብለው ተናገሩ። ሠራተኛው ቀና አለ። ከዚያ በኋላ «እማማ» እያለ ነው ያናገራቸው። ወረቀቱ ግን አላለቀም።

በሁለተኛው ቀን ወረፋው ረዘመ። አግዳሚው ላይ ሆነው አቡነ ዘበሰማያት በግዕዝ መድገም ጀመሩ፤ ቀስ ብለው፣ ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ። እሳቸው ኦርቶዶክስ ናቸው፣ እኔ ካቶሊክ። ጸሎቱ ግን አንድ ነው፤ አብሬያቸው ደገምኩ። «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም» ላይ ስንደርስ ድምፄ ጠፋ። የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ። የእኔ የሳምንት እንጀራ ቤት አለ፤ ጤፉም ተገዝቶ ተቀምጧል። የእሳቸው ግን በእውነት የዛሬ ነው። ማታ ከተገኘ ተገኘ። «እንጀራችን» ስል ይህን ቃል የምለው ከእሳቸው ጋር ነው? እስካሁን ከማን ጋር ስለው ኖርኩ? ያን ቀን ስንወጣ ቤቴ ወስጃቸው ምሳ በላን። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይመጣሉ። እናቴም ተሽሏት ተዋውቀዋል። ሁለቱ ቡና ላይ ሲቀመጡ እኔን ይረሱኛል።

ዛሬ ሐይቁ ዳር ስንለያይ መቁጠሪያዬን ከእጄ ወስደው አገላብጠው አዩት። ፍሬዎቹን ቆጠሩ። «ስንት ሰው ይያዝበታል?» አሉኝ። ሃምሳ ዘጠኝ ፍሬ አለው አልኳቸው። «እንግዲያ የዚያን የጽሕፈት ቤቱን ልጅ በአንዱ ያዥው» አሉ። «እሱም ደክሞታል።» ስሙን ጠይቀውታል ለካ፣ ነገሩኝ።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተቀጥረናል።